ጀግና ያለው ማን ነው?

ሰሞኑን ስልኬን ከፍቼ ቻናሎቹን ሳገላብጥ አንድ ነገር ታዘብኩ። ሁሉም ሰው ጀግና ሆኗል። ባለሥልጣኑ ጀግና ነው፤ ባለሥልጣኑን የሰደበውም ጀግና ነው። የተኮሰው ጀግና ነው፤ የተተኮሰበትም ጀግና ነው። ጎል ያገባው ጀግና፣ ጎል ያዳነው ጀግና። ከእያንዳንዱ ልጥፍ ሥር ደግሞ «ጀግኒት»፣ «ጀግናዬ»፣ «አንበሳ» የሚል መዓት ይወርዳል። ቃሉ እንደ ብራችን ሆኗል፤ በጣም በዛ፣ የሚገዛው ነገር ግን አነሰ።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ቃሉ ነው። ቃሉ ራሱ ወደ ፖለቲካው ስለሚወስደን ትንሽ ታገሱኝ።

ለማታውቁኝ፣ የየትኛውም ሚዲያ ቋሚ ሠራተኛ አይደለሁም። በየጽሑፉ እየተከፈለኝ የምኖር ጋዜጠኛ ነኝ። የእንጀራዬ ግማሽ የሚገኘው ሰዎች በአማርኛ የነገሩኝን በእንግሊዝኛ ከመጻፍ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ከስምና ከቁጥር ይልቅ የሚያስቸግረኝ ቅጽል ነው። እንግሊዝኛ ለድፍረትና ለክብር የሚሆን ቅጽል ሞልቶታል፦ ብሬቭ፣ ከሬጅየስ፣ ቦልድ፣ ጋላንት፣ ቫሊያንት፣ ኢንትሬፒድ፣ ዶንትለስ፣ ኖብል፣ ኦነረብል። የእኛ መዝገበ ቃላት አብዛኞቹን «ደፋር፣ ጀግና፣ የተከበረ» ብሎ ያልፋቸዋል። የየቃሉን የትውልድ ሐረግ ስትከታተሉ ግን ሁሉም ከተለያየ ቤት የመጡ ናቸው። አንዳንዶቹም የመጡበት ቤት የሚያኮራ አይደለም።

ከ«ብሬቭ» እንጀምር። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ከፈረንሳይኛ ሲሆን፣ ፈረንሳይኛው ደግሞ «ብራቮ» ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል ወስዶታል። ብራቮ መጀመሪያ ላይ ያልተገራ፣ አስቸጋሪ፣ እንደ አውሬ ያለ ማለት ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ስላለው የላቲን ሥር ሊቃውንቱ አልተስማሙም። አንዳንዶቹ «ጠማማ» ከሚል ቃል፣ ሌሎቹ «ባርባሩስ» ከሚለው፣ ማለትም «አረመኔ» ከሚለው ያመጡታል። ከሁለቱ የትኛውም ሙገሳ አይደለም። በድሮዎቹ የጣሊያን ከተሞች ብራቮ የሚባለው ጌታ ቀጥሮ ሰው የሚያስገድለው ባለ ሰይፍ ነበር፤ እንግሊዝኛም በዚሁ ትርጉሙ ጭምር ተውሶታል። ዛሬ አዳራሽ ውስጥ ለዘፋኝ የምንጮኸው ያንኑ ቃል ነው። በሼክስፒር ዘመን ደግሞ ብሬቭ ማለት ያማረ፣ የደመቀ፣ ጥሩ የለበሰ ማለትም ነበር። አልደስ ሀክስሊ እ.ኤ.አ. በ1932 ያሳተመው ታዋቂ ልብ ወለድ ርዕሱን የወሰደው ከሼክስፒር «ዘ ቴምፐስት» ነው። እዚያ ያለውን ብሬቭ «ደፋር» ብሎ የሚተረጉም ሰው ተሳስቷል፤ «ውብ» ማለት ነው። ቅጥረኛ ገዳይ፣ ጌጠኛ፣ ጀግና፦ ሦስቱም በአንድ ቃል ውስጥ ኖረዋል።

በዚህ ላይ እኛም ብዙ አንለይም። «ጎበዝ»ን አስቡት። ጎበዝ መሣሪያ አንስቶ የሚዘምተው የመንደሩ ጎልማሳ ነበር፤ «የጎበዝ አለቃ» የሚለው ማዕረግ እስከ ዛሬ አለ። አሁን ግን ጎበዝ ማለት ሂሳብ የደፈነ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ምግቡን ለጨረሰ ሕፃንም «ጎበዝ!» እንላለን። ጣሊያኖቹ ብራቮን ያደረጉት እንዲሁ ነው፤ ለጦረኛ የተቀጠረው ቃል ጡረታ ወጥቶ ልጅ ያሳድጋል።

«ከሬጅ» የመጣው ከልብ ነው። ልብ በላቲን «ኮር» ነው፤ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ በኩል አልፎ ከሬጅ ሆነ። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝኛ ሲጻፍ ልብ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠቃልል ነበር፤ ፍላጎትን፣ ቁጣን፣ ስሜትን፣ ምኞትን። በኋላ ነው እየጠበበ ሄዶ ለድፍረት ብቻ የቀረው። ይህን ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት አያስፈልግም። ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና፣ ልበ ቢስ እያልን ያደግን ነን። «ልቡን ሞላ» ስንል ፍርሃት እዚያው ልብ ውስጥ እንደነበረ እናውቃለን፤ ቦታ የቀየረው ሌላ ነገር ስለገባበት ነው።

ይህ ልዩነት ለእኔ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር በነበረች አንዲት የወሎ ከተማ ጤና ጣቢያ ውስጥ የቀረች ነርስ ነበረች። ባልደረቦቿ ከሕዝቡ ጋር ሲወጡ እሷ አልወጣችም። ከጦርነቱ በኋላ ለአንድ የውጭ ሚዲያ ታሪኳን ልጽፍ ሄጄ «ሲስተር፣ አልፈራሽም?» አልኳት። ሳቀች። «ወንድሜ፣ ፈርቼ እጄ ሲንቀጠቀጥ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ብሎኝ ነበር» አለችኝ። በሻማ ብርሃን የምትወልድ ሴት ነበረች፤ መስፋት ነበረባት። ሁለቴ ሦስቴ ሞክራ ክሩ ገባ፤ ሰፋችም። ያለችኝ ይኸው ነው።

ጽሑፉን ልኬ ሲመለስልኝ ርዕሱ ላይ «ፊርለስ» የሚል ቃል ተጨምሮበት አገኘሁት። ፍርሃት የሌላት። አርታኢዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ማመስገኗ ነበር። አማራጭ ብላ ያቀረበችልኝ ደግሞ «ኢንትሬፒድ» ነበር። ኢንትሬፒድ በላቲን ቃል በቃሉ «የማይንቀጠቀጥ» ማለት ነው። ስለተንቀጠቀጠ እጅ ለነገረችኝ ሴት ይህን ቃል ርዕስ ማድረግ፣ ከነገረችኝ ውስጥ ዋናውን መሰረዝ ነው። «ዶንትለስ»ም አልሆነም። ሥሩ «መግራት» ከሚል የላቲን ቃል ነው፤ ዶንትለስ ማለት ያልተገራ፣ ልጓም ያልገባለት ማለት ነው። ሲስተር ደግሞ በጣም የተገራች ሰው ናት፤ እዚያ ያቆማት ሥራዋ ነው። በመጨረሻ ለአርታኢዋ «ቅጽሉን እንተወውና ያደረገችውን እንጻፍ» ብዬ ጻፍኩላት። ርዕሱ «የቀረችው ነርስ» ሆነ። ከሁሉም ቃል «ቀረች» የሚለው ግስ በለጠ።

ሲስተር የነገረችኝ ሌላም ነገር ነበር። በእነዚያ ወራት ወደ ጤና ጣቢያው የመጡ ሴቶችን መዝግባለች። መዝገቡ ላይ ያለው ቃል «የተደፈረች» ነው። እስቲ ይህን ቃል ቆም ብላችሁ ተመልከቱት። ደፈረ። ሕግ ደፈረ፣ ድንበር ደፈረ፣ ሴት ደፈረ። ከዚሁ ሥር ወጥቶ «ደፋር ሠራዊት» የሚለው ሙገሳ አለ። በዚያች ከተማ አንዱ ሥር በሁለት ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ በመግለጫው ላይ ለወታደሩ ሙገሳ፣ በነርሷ መዝገብ ላይ ለሴቲቱ ጉዳት። ቋንቋው ድሮውኑ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ድፍረት ወሰን መሻገር ነው፤ የተሻገርከው የማንን ወሰን እንደሆነ ግን ቃሉ ብቻውን አይነግርህም።

የዚህ ትልቁ ምሳሌ በታሪካችን ውስጥ አለ። መቅደላ።

የእንግሊዝ ከፍተኛው የጦር ሜዳ ሽልማት የቪክቶሪያ መስቀል ነው፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1856 በክሪሚያ ጦርነት ማብቂያ ገደማ ነው። ሜዳልያው ላይ እንዲጻፍ በመጀመሪያ የታሰበው «ለብሬቮቹ» የሚል ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ አልተቀበሉትም። እንዲህ ከተጻፈ መስቀሉን ያላገኙት ብሬቭ አይደሉም ያሰኛል ብለው «ለቫለር» በሚል አስቀየሩት። ብልህ አስተያየት ነው፤ ሰውን ትቶ ድርጊቱን እንዲያመሰግን አደረጉት።

ቫለር እና ቫሊያንት የመጡት በላቲን «ጠንካራ መሆን፣ ዋጋ ማውጣት» ከሚለው ሥር ነው። «ቫልዩ»፣ ማለትም ዋጋ፣ እህታቸው ነው። «ኢንቫሊድ»፣ ማለትም አካል ጉዳተኛ፣ ሌላዋ እህታቸው ናት። በፓሪስ ሉዊ 14ኛ አካላቸው ለጎደለ ወታደሮች ያሠሩት ትልቅ ሕንፃ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠራል። ልጁ ሲዘምት ቫሊያንት ነው፤ እግሩን ጥሎ ሲመለስ ኢንቫሊድ ይሆናል። ሥሩ አንድ ነው። ክራንች ይዘው በየቀበሌው ደጃፍ የሚጠብቁ ወጣቶችን ያየ ሰው ይህን በላቲን መማር አያስፈልገውም።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የፋሲካ ማግስት፣ በጄኔራል ናፒየር የሚመራው ጦር መቅደላን ሲያጠቃ የ33ኛው ክፍለ ጦር ሁለት ተራ ወታደሮች፣ ጄምስ በርጊን እና ከበሮ መቺው ማይክል ማግነር፣ ገደሉን ወጥተው፣ ግንቡንና የእሾህ አጥሩን ጥሰው ከሁሉም ቀድመው ገቡ። ሁለቱም የቪክቶሪያ መስቀል ተሸለሙ። ሽልማቱን ያወጀው ጽሑፍ የተጠቀመበት ቃል «ጋላንትሪ» ነው።

ጋላንት ከየት መጣ? «መደሰት፣ መፈንጠዝ» ከሚል የጥንት ፈረንሳይኛ ግስ። «ጋላ» የሚባለው የግብዣ ምሽትም ከዚያው ቤት ነው። ጋላንት መጀመሪያ የሚደንስ፣ የሚያምርበት ሰው ነበር፤ ቀጥሎ ደፋር ወታደር፣ ቀጥሎ ደግሞ ለሴቶች ወንበር የሚስብ ትሑት ወንድ ሆነ። በእንግሊዝ ፓርላማ ውስጥም የቀድሞ መኮንን የሆነን አባል «የተከበሩና ጋላንት» ብሎ መጥራት ለረጅም ጊዜ ወግ ነበር።

እንግዲህ ያን ቀን መቅደላ ላይ ማን ነበር ደፋሩ? እነዚያ ሁለት ወታደሮች ገደል መውጣታቸው ሐሰት አይደለም። ከሦስት ቀን በፊት አሮጌ ላይ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በዘመናዊ ጠመንጃና በሮኬት ፊት ወርደው ወድቀዋል። ለእነሱ ጋላንት ብሎ መስቀል ያንጠለጠለ የለም። አፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው ራሳቸውን አጠፉ፤ ሽጉጡ የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ እንደነበር ይነገራል። ለእኛ ይህ የጀግንነት ጫፍ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ግን እኚሁ ንጉሥ እስረኞችን ከገደል አስወርውረዋል። የእነዚያ እስረኞች ልጆች ለቴዎድሮስ የነበራቸው ቃል ምን ይሆን? ጦሩ ደግሞ ከድሉ በኋላ አብያተ ክርስቲያናቱን ዘርፎ፣ ዕቃውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ፣ ደላንታ ላይ በሐራጅ ሸጠው፤ ገንዘቡም ለወታደሩ ተከፋፈለ። የእንግሊዝ ሙዚየም በዚያ ምክንያት የወሰዳቸውን ታቦታት ዛሬም ይዟል። በእንግሊዝኛ የዚያ ገንዘብ ስም «ፕራይዝ» ነው፤ ሽልማት ከሚለው ቃል ጋር አንድ ዓይነት ይጻፋል። ሥራቸው ግን ይለያያል፤ የሽልማቱ «ዋጋ» ከሚለው ሲመጣ፣ የምርኮው «መውሰድ» ከሚለው ነው የመጣው።

አንድ ቀን፣ አንድ ኮረብታ፣ ሁሉም ዓይነት ድፍረት። ቅጽሎቹን ያከፋፈለው ግን ማተሚያ ቤቱ የነበረው ወገን ነው።

ወደ ክብር ልለፍ፤ እዚህ ነገሩ ይብሳል። «ኖብል» በላቲን የመጣው «ማወቅ» ከሚለው ግስ ነው። ኖቢሊስ ማለት የታወቀ፣ ስሙ የተሰማ ማለት ነበር፤ በሮም ቤተሰቡ ውስጥ ከፍተኛ ሹመት የያዘ ሰው ኖሮ የሚያውቅ ሁሉ ኖቢሊስ ነው። የእሱ ተቃራኒ፣ ዛሬ «ወራዳ» ብለን የምንተረጉመው «ኢግኖብል»፣ መጀመሪያ «የማይታወቅ» ማለት ብቻ ነበር። ስማችሁን የሚያውቀው ከሌለ ወራዳ ናችሁ። እኛም «ታዋቂ»ን ያወጣነው ከ«ማወቅ» ነው። ከዚያ ደግሞ ታዋቂውን የተከበረ፣ የተከበረውን ትክክለኛ አድርገን እንቆጥረዋለን። ስንት ተከታይ እንዳለው አይተን የሚናገረውን የምናምን ሁሉ፣ ሮማውያን ቀድመውናል።

«ጄንትል» የሚለው ደግሞ ከጎሳ ነው የመጣው፤ የአንድ ዘር ሰው፣ ከዚያ ከጥሩ ዘር የተወለደ፣ ከዚያ ለስላሳ። «ጨዋ» የሚለው ቃላችን ከዚህ የበለጠ ጉዞ ሄዷል። በመካከለኛው ዘመን፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ፣ ጨዋ ማለት በየግዛቱ የሚሰፍር የንጉሥ ጦር ነበር። በኋላ ባርያ ያልሆነ፣ ከደህና ቤተሰብ የተወለደ ሆነ። ለቤተ ክህነት ሰው ደግሞ ፊደል ያልቆጠረው ምእመን ጨዋ ነው። ዛሬ ጨዋ ልጅ ማለት ድምፁ የማይሰማ ልጅ ነው። ከጦረኛ ተነስቶ ዝም የሚል ላይ አረፈ። መሪዎቻችን «ጨዋ ሕዝብ» እያሉ ሲያመሰግኑን የትኛውን እንደሚሉን መጠየቅ ተገቢ ነው።

«ኦነር» በሮም የሹመት ስም ነበር። ክብርን ሰው ውስጡ ይዞት የሚዞር ነገር አልነበረም፤ ሕዝቡ ይሰጠዋል፣ እሱ ይቀበላል። የሹመቱ መንገድ ራሱ «የክብሮች ጎዳና» ይባል ነበር። የተሾመ ሰው የሚከፍለው ገንዘብ ደግሞ «ኦኖራሪየም» ነው፤ ዛሬ ወርክሾፕ ላይ አወያይ ስትሆኑ በፖስታ የሚሰጣችሁ። የድሮው ሹመኛ ለክብሩ ይከፍል ነበር፤ የዛሬው ይከፈለዋል። የእኛም ክብር ከገንዘብ አልራቀም፤ ከበረ ስንል ተከበረም ማለት ነው፣ ሀብታም ሆነም ማለት ነው። ከበርቴውና ክቡር ሚኒስትሩ ሥራቸው አንድ ነው።

ለእኔ ሙያ ግን ከሁሉም የሚከብደው «ኦነስት» ነው። ዛሬ ሐቀኛ ማለት ነው። ሲጀመር ግን የተከበረ፣ ሰው ፊት የሚቀርብ ማለት ነበር፤ እውነት መናገር የሚለው ትርጉም የኋላ ነው። «ኦቴሎ»ን በጋሽ ጸጋዬ ትርጉምም ሆነ በእንግሊዝኛው ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ፦ ሁሉም በተደጋጋሚ ኦነስት እያለ የሚጠራው ኢያጎን ነው፤ የተውኔቱን ትልቁን ውሸታም። የተከበረና እውነተኛ አንድ ስም ሲጋሩ የሚመጣው አደጋ ይህ ነው። የተከበረው ሲዋሽ ቃሉ ይሸፍንለታል፤ ያልተከበረው እውነት ሲናገር ደግሞ ቃል ያጣል።

አንድ ልጨምርና ላብቃ። «ቆራጥ» የመጣው ከመቁረጥ ነው፤ እንግሊዝኛውም «ዲሳይሲቭ» በላቲን ከመቁረጥ ነው የመጣው። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች ውሳኔን በቢላ ሠሩት። «ቆራጡ መሪያችን» እየተባለ በየግድግዳው የተጻፈበትን ዘመን ወላጆቻችን ኖረውበታል። ያን ጊዜ ምን እንደተቆረጠ፣ ማን እንደተቆረጠ ከእኔ በላይ እነሱ ያውቃሉ።

ታዲያ ምን እናድርግ? ሙገሳን እንተው አልልም። ሰው መመስገን አለበት፤ ለሲስተር ዓይነቶቹ ምስጋናው እስካሁን ዘግይቷል። የምለው፣ ቅጽል ስታዩ ከጀርባው ያለውን ግስ ጠይቁ ነው። «ጀግና» ሲሏችሁ፣ ምን አደረገ? ለማን አደረገ፣ በማን ላይስ? የከፈለው እሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው? ስሙን የሰጠውስ ማን ነው፣ ስሙን በመስጠቱ ምን ያገኛል? እነዚህን መልሳችሁ ጀግና የሚለው ካልወደቀ፣ በሉት። ብዙ ጊዜ ግን ግሱ ከተጻፈ በኋላ ቅጽሉ አያስፈልግም። «ቀረች» ከተባለ፣ «እጇ እየተንቀጠቀጠ ሰፋች» ከተባለ፣ አንባቢው የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።

ከእናንተ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። እኔ የማውቀው አማርኛና እንግሊዝኛን ነው። በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛ፣ በሌላም ቋንቋችሁ ድፍረትን የምትጠሩበት ቃል ከየት እንደመጣ፣ ሌላ ምን ማለት እንደሆነ ከታች ጻፉልኝ። በተለይ ሙገሳና ነውር በአንድ ቃል የሚገናኙበት ካለ። ሰብስቤ ሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ቸር ሰንብቱ።